የፈንታዬ ብርድ የማን ቤት ብርድ ነው?

ፀሐይ በሚያቃጥልበት በነሐሴ ወር፣ እስራኤል አገር ነታንያ ከተማ ውስጥ ካፖርት ለብሶ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ከሱቅ ዕቃ ሰርቆ የወጣ ነው፣ ወይ ፈንታዬ ናት። የሰፈሯ የሺኩን ቫቲኪም ሰው ይህን ስለለመደው ዞሮ አያያትም። ዞረው የሚያዩዋት ከሀብታሞቹ ሰፈር ከራማት ፖሌግ በመኪና የሚመጡት ናቸው። መስታወታቸውን ዘግተው፣ መኪናቸው ውስጥ እንደ ዓሣ በርደው፣ "ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?" ይባባላሉ። እሷም ከካፖርቷ ውስጥ ሆና፣ "እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?" ትላለች።

ፈንታዬን ይበርዳታል። የባሕሩ ነፋስ ሲነካት ይበርዳታል፣ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ከከፈተ ይበርዳታል፣ ቴሌቪዥን ላይ በረዶ ካሳዩ ተነስታ ሹራብ ትደርባለች። እጇን የጨበጠ ሰው ለሳምንት ያህል ስለ ጉዳዩ ያወራል። ባሏ ያኮቭ በበጋ ፍራሹን ይዞ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው። ጎረቤቶች መጀመሪያ ላይ ተጣልተው ነው ብለው ሁለት አስታራቂ ልከው ነበር። አስታራቂዎቹ ገብተው፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ የኤሌክትሪክ ምድጃው ቀልቶ በሐምሌ ሲጠብቃቸው፣ የተሰጣቸውን ውሃ እንኳ ሳይጨርሱ ወጡና፣ "ያኮቭ ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም ቅዱስ ነው" ብለው ፈረዱ።

ሥራዋንም ያገኘችው በዚሁ ብርዷ ነው። ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ክፍሉ ድንች ያለ ውሃ የሚቀቀልበት ዓይነት ነው። አዲስ ሠራተኛ ጠዋት ይገባና ምሳ ሳይደርስ "እናቴን አመማት" ብሎ ይጠፋል፤ ያ ክፍል የስንቱን እናት አልጋ ላይ እንደጣለ! ፈንታዬ ግን ገና በወጣትነቷ ስትቀጠር፣ በሩ ላይ ቆማ እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታው፣ "እኔ እስራኤል የገባሁት ዛሬ ነው" አለች ይባላል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሦስት አለቃ ተቀያይሯል፤ ፈንታዬ ግን እስከ ዛሬ የመተኮሻው ማሽን ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ሻይዋን ትጠጣለች።

ለምን እንደሚበርዳት ሰፈሩ ተስማምቶ አያውቅም። አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባመጣቸው አውሮፕላን ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ተጨናንቆ ሲያልበው፣ እሷ ብቻ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነፋስ ገብቶባት ነው ይላል። ሰማይ ላይ የአውሮፕላን በር ማን እንደከፈተ ግን የሚያስረዳ የለም።

ፈንታዬ በበኩሏ አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። "የኔ ብርድ ተራ ብርድ አይደለም" ትላለች፣ አገጯን ከካፖርቱ ኮሌታ ብቅ አድርጋ። "የቤተሰብ ነው። ከቅድመ አያቴ ከጠጂቱ የወረስኩት ነው። ሰው መሬት ይወርሳል፤ ለኛ የደረሰን ይሄ ነው።" ሐኪም ቤት ሄዳ ደሟን እንድትመረመር ስትለመንም መልሷ ያው ነው፤ "ያለኝ ደም እኔንም አላሞቀኝ፤ ለሐኪም የምሰጠው ትርፍ ከየት አመጣለሁ?"

እንግዲህ ይህ ሁሉ በሰላም ይኖር ነበር፣ ልጇ ኤፍራት ኢዳን የሚባል የጎረቤቷ ከተማ የክፋር ዮና ልጅ ባታፈቅር ኖሮ።

ኢዳን ጥሩ ልጅ ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲገባ የያኮቭን ጉልበት የሚስም፣ ፈንታዬ ያቀረበችለትን ሁሉ እያላበው የሚጨርስ። ልጆቹ ተስማምተዋል፣ ቤተሰብም ወዷል። የቀረው አባ አምባቸው ነው። አባ አምባቸው ማለት የሁለቱንም ወገን የዘር ሐረግ በቃሉ የያዘ፣ ትናንት ማታ የበላውን ግን የሚረሳ ሽማግሌ ነው። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ሙሽሮቹ ዘመድ ሆነው ከተገኙ ጋብቻ የለም። ስለዚህ አባ አምባቸው "ንጹሕ ነው" ሳይል አዳራሽ የሚከራይ፣ ቀሚስ የሚለካ ሰው የለም።

በሰኔ መጨረሻ አባ አምባቸው ኢዳንንና አባቱን አቻምየለህን አስከትሎ ሺኩን ቫቲኪም መጣ። ፈንታዬ በሩን ስትከፍት ደነገጠች። አቻምየለህ ጃኬት ለብሷል፤ ከጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቧል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጆሮው ድረስ የወረደ የሱፍ ቆብ አጥልቋል።

"ማዝጋን አለ?" አለ ከደጃፍ ቆሞ፣ ውሻ አለ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ እንግዳ።

"አለ፣ ግን አይናከስም" አለች ፈንታዬ። "ይግቡ። በዚህ ቤት አየር የሚያቀዘቅዝ ነገር አይበራም።"

"እሰይ! እሰይ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ!" አለና ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ካፖርቷን አየ። "እርስዎንም ይበርድዎታል እንዴ?"

"ይበርደኛል ወይ!"

"እኔ እንኳ በሐምሌ በሹራብ ነው የምተኛው።"

"በአንድ?" አለች ፈንታዬ፣ እያዘነችለት።

"በሁለት።"

"ካልሲስ?"

"ካልሲማ ቆዳዬ ሆኗል፤ ስታጠብ ብቻ ነው የምገፈው።"

ፈንታዬ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠማትም። ወዲያው አንቺና አንተ ተባባሉ። ያኮቭ ግንባሩን በፎጣ ይጠርጋል፣ ልጆቹ ሶፋው ላይ እንደ ቅቤ ቀልጠው ተያይዘዋል፣ አባ አምባቸው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይቆጥራል፤ ሁለቱ ግን ስለ ብርድ እያወሩ ዓለማቸውን ያያሉ።

"የኔ እኮ ዝም ብሎ ብርድ አይደለም፣ ወንድም ዓለም" አለች ፈንታዬ። "የዘር ነው። ቅድመ አያቴ ጠጂቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ማሰሮው ከእሳት ሲወጣ ሳይቀዘቅዝ ታቅፋው ነበር የምትተኛ።"

"የኔስ! የአያቴ አባት አንጥረኛ ነበረ። ብረቱ ሲግል በጉጠት አልነበረም የሚይዘው፤ በጁ ነው፣ እንዲሞቀው ብሎ።"

"ጠጂቱ በክረምት ከማሰሮዎቹ ጋር አብራ እሳቱ ውስጥ ትገባ ነበር።"

"የኛው ሰውዬ ፍም ይውጥ ነበር!"

"ኢማ፣ በቃ" አለች ኤፍራት። እናቷ ግን ሲያሸንፏት የምትተኛ ሴት አይደለችም።

"ጠጂቱ የሞተች ለት" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሬሳዋን ነክቶ ሞታለች ያለ ሰው አልነበረም አሉ። ከለመደችው በላይ አልበረዳትማ!"

የአባ አምባቸው ጣት በዚህ ጊዜ ቆመ። ዓይኑን ገለጠ።

"ይቺ ጠጂቱ የማን ልጅ ናት?"

"አባቷን እንኳ አላውቀውም፣ አባ። ከሌላ አገር መጥቶ ወገራ የገባ ሰው ነው ይላሉ።"

"አቻምየለህ፣ ያ ፍም ዋጩ ሰውዬህ የጭልጋ ሰው ነው። ታላቅ ወንድም አልነበረውም?"

"ነበረው። በእርሻ ተጣልቶ አገር ለቆ ጠፋ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ወዴት?"

"እንግዲህ... ወደ ወገራ መሰለኝ" አለ አቻምየለህ፣ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምን እንደሆነ ገብቶት።

አባ አምባቸው ካፖርቱን አየ፣ ጋቢውን አየ፣ ምድጃውን አየ። "በአፍንጫ የሚመሳሰል ዘመድ አውቃለሁ። በአረማመድ የሚመሳሰል አውቃለሁ። በሰኔ ምድጃ ተጋርቶ የሚንቀጠቀጥ ሁለት ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። ይሄ የአንድ ቤት ብርድ ነው።"

"አባ፣ ብርድ እንዴት ሰውን ዘመድ ያደርጋል?" አለች ኤፍራት፣ ብድግ ብላ።

"ልጄ፣ ፍም የሚያስውጥ ብርድ በየቤቱ አይገኝም። እስኪጣራ ይቆይ።"

አለቀ። አባ አምባቸው ምርኩዙን ይዞ ተነሳ፣ አቻምየለህ አንገቱን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ ተከተለው፣ ኢዳንም ተከተላቸው። ኤፍራት አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። እናቷ ፊት ቆማ፣ "ጠጂቱን ማን አንሺ አለሽ?" አለቻት። ብቻ ይቺን ብላ ክፍሏ ገባች።

ፈንታዬ ከሰው ጋር ስትከራከር ተሸንፋ አታውቅም፤ ዛሬ ግን በራሷ ወሬ ተሸነፈች። እስኪነጋ አሰበችበት፤ ሲነጋ ወስና ነበር። ጠጂቱን ትወዳታለች። ጠጂቱ ግን ሞታለች፤ ኤፍራት አለች። ብርዷ የጠጂቱ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ካለ፣ ያ ሰው መርፌ ቢይዝም ይምጣ። ስልኳን አንስታ ክፋር ዮና ደወለች።

"አቻምየለህ፣ ደምህን ስጥ።"

"ደሜን? ለማን?"

"ለልጅህ ሰርግ! ሐኪም ቤት ሄደን የኔ ብርድ የኔ፣ ያንተም ያንተ መሆኑን እናስመሰክራለን።"

"አንድ ሆኖ ቢገኝስ?"

"አይገኝም" አለች ፈንታዬ፤ ለምን እንደማይገኝ ግን የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ሐኪሟ ዶክተር ሚሬት ግማሹን ሳምንት ነታንያ፣ ግማሹን ክፋር ዮና ትሠራለች፤ የሁለቱም ሐኪም እሷ ናት፣ ምንም እንኳ ሁለቱንም አይታቸው ባታውቅም። ፈንታዬ ገብታ ስትቀመጥ ዶክተሯ ከካፖርቱ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

"ይደክምሻል?"

"ሥራ አለኝ፤ ለመድከም ጊዜ የለኝም።"

"ፀጉርሽ ይረግፋል?"

"ሻሽ አለኝ።"

"ውፍረት ጨምረሻል?"

"ካፖርቱ ነው።"

ዶክተሯ መጠየቁን ትታ ደሟን ወሰደች። ፈንታዬ ፊቷን አዙራ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ "ትንሽ አስቀሪልኝ" አለች።

ውጤቱ የተነገራቸው ሁለቱም በተገኙበት ነው። ዶክተር ሚሬት መጀመሪያ የአንዱን ሕመም ለሌላው መናገር አልችልም ብላ ነበር፤ አቻምየለህ ግን፣ "ንገሪያት፤ እኔ ደሜን ያመጣሁት ለድግስ ነው" አላት። እሷም ሊገባት አልቻለም፤ ግን ነገረቻቸው።

"ፈንታዬ፣ አንገትሽ ላይ እንደ ቢራቢሮ ያለች እጢ አለች። ታይሮይድ ትባላለች። የሰውነትን እሳት የምትቆሰቁሰው እሷ ናት። ያንቺዋ ተኝታለች። ሰውነትሽ እንጨት አለው፣ የሚቆሰቁሰው ግን የለም። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ክኒን ትውጫለሽ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ።" ወደ አቻምየለህ ዞረች። "ያንተ ታይሮይድ ደህና ናት። አንተን ያነሰህ ብረት ነው።"

"ብረት?" አለ አቻምየለህ፣ ጋቢው ከትከሻው እየወረደ። "እኔ የአንጥረኛ ዘር ብረት አነሰኝ?"

"ደም ማነስ አለብህ። ምግብ በበላህ ቁጥር ወዲያው ሻይ ትጠጣለህ?"

"ሳልጠጣማ እንዴት ይወርድልኛል?"

"ከላዩ የሚጠጣው ጥቁር ሻይ ከምግቡ የምታገኘውን ብረት ይቀንስብሃል። ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን እንደምትጾም ነግረኸኛል። ብረት ያነሰው ደም አየር በደንብ አይሸከምም፤ አየር ያላገኘ ሰውነት ይደክማል፣ ይበርደዋል። የሚዋጥ ብረት እሰጥሃለሁ፤ ሻይህን ከምግብ አርቀው። ጨጓራህንም አስመረምራለሁ፤ ደሙ በዚያ በኩል እንዳይሆን የሚያልቀው።" ከዚያም፣ ያልገባቸው መስሏት ጨመረች፤ "ሰው ሁሉ በአንድ ምክንያት አይበርደውም። ከሲታ ስለሆነ የሚበርደው አለ፣ የጣቱ ደም ሥር እየጠበበ የሚበርደው አለ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ ቀንሶ፣ የሚወስደው መድኃኒት..."

"ሌላውን ተይውና" አለች ፈንታዬ፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ። "የኔና የሱ አንድ ነው ሁለት?"

"ሁለት ነው። ምንም አይገናኝም።"

ፈንታዬ ብድግ ብላ እልል አለች። እልልታው ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ወረፋ የሚጠብቁትን አስደንግጦ፣ ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ደረሰ። አቻምየለህም ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘና ባለበት እስክስታ ሞከረ።

"ይቅርታ" አለች ዶክተር ሚሬት፣ የተሳሳተች መስሏት። "ሁለታችሁም ታማችኋል ነው የምላችሁ።"

"አይ አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ቅቤ ያርገው!" አለችና ፈንታዬ እንደገና እልል አለች።

አባ አምባቸው ይህን ሁሉ ሲሰማ ፊቱ አልተፈታም። "ሐኪም ዘር አይቆጥርም" አለ። "ግን እናያለን። የወረሱት ነገር በክኒን አይለቅም። ዋጪ፤ ከለቀቀሽ ያንቺ የግልሽ ነበር። ካልለቀቀሽ የጠጂቱ ነው፣ ጋብቻውም የለም።"

ዶክተር ሚሬት መጨረሻ ላይ፣ "የታይሮይድ ችግር በቤተሰብ ውስጥ ሊወርድ ይችላል" ብላ ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ፈንታዬ ለአባ አምባቸው አልተረጎመችለትም።

ክኒኑን መዋጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። ሁለተኛውም ያው። ኤፍራት ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የእናቷን እጅ ትነካለች፤ እጁ ገና በረዶ ነው። ፈንታዬ ከሰው ፊት፣ "ይለቃል፣ ይለቃል" ትላለች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን እጢዋን በጣቷ ነካ እያደረገች፣ "ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ" ትላታለች።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሳታስበው የካፖርቷን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች። በሌላ ቀን ሁለተኛውን። ከዚያ አንድ ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አንሶላ እያስገባች ሳለ ዓይኗ ውስጥ የሚያቃጥል ነገር ገባ። ሳሙና መሰላት። ጠረገችው፣ እንደገና መጣ። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው፤ ጨው ነው። ላብ ነው! የራሷ ላብ ነው! ዙሪያዋን አየች፤ እንፋሎቱን፣ የጋለውን ማሽን፣ እንደ ቲማቲም የቀሉትን የሥራ ጓደኞቿን።

"እናንተ ሰዎች" አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "እዚህ ነው እንዴ የምትሠሩት?"

ምሳ ሳይደርስ አለቃዋ ቢሮ ነበረች። በሩ ይከፈት፣ ማራገቢያ ይተከል፣ በየሰዓቱ ዕረፍት ይኑር። አለቃው ሌላው ሠራተኛ ባጉረመረመ ቁጥር፣ "ፈንታዬን አታዩም?" እያለ ነበር ዝም የሚያሰኘው። አሁን ፈንታዬ ራሷ ፊቱ ቆማለች፤ በሳምንቱ ሁለት ማራገቢያ ተተከለ።

በነሐሴ መጨረሻ አባ አምባቸው ሁሉንም ክፋር ዮና፣ ቤቱ ጠራቸው። ፈንታዬ እጅጌው አጭር የሆነ ቀሚስ ለብሳ ገባች። ያኮቭ ከኋላዋ፣ ሚስት የቀየረ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል። አቻምየለህ ግን እስከ አሁን ጋቢ ለብሷል፤ ሻይ ቀንሷል፣ ብረቱን ይውጣል፣ ጨጓራውም ታይቶ ሕክምና ጀምሯል፣ ግን የሱ መንገድ ረጅም ነው ብላዋለች ዶክተሯ።

አባ አምባቸው የፈንታዬን እጅ ያዘ። "ሞቋል" አለ። ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ "እጅ ግን በሙቅ ውሃም ይሞቃል። ልጆች፣ ማዝጋኑን አብሩት። የመጨረሻው ብርድ ላይ አድርጉት።"

"አባ፣ አቻምየለህን ትገድሉታላችሁ" አለ ያኮቭ።

"እሱ ይታገሥ። የልጁ ጉዳይ ነው።"

ኢዳን አበራው። ነፋሱ ከላይ ቀጥ ብሎ ፈንታዬ አንገት ላይ ወረደ። ኤፍራት የኢዳንን እጅ ጨብጣ እናቷን ታያለች፤ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን፣ ከንፈሯን። ፈንታዬም ራሷን ትጠብቃለች። ያንን የምታውቀውን ነገር፣ ከአከርካሪዋ ተነስቶ ጥርሷን የሚያንቀጫቅጨውን፣ ዕድሜዋን ሙሉ "ጠጂቱ" እያለች ያቆላመጠችውን። ነፋሱ አንገቷን አለፈ፣ ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ። ጠበቀች። አልመጣም። ይልቅ ሌላ ነገር መጣ፤ በበጋ ሰው ሁሉ ስለ ቀዝቃዛ ነፋስ ደስታ የሚያወራው፣ እሷ ግን ውሸት ነው ብላ የምታስበው ነገር። ዓይኗን ጨፈነች።

"ኢዳን፣ ልጄ" አለች፣ "ሊጨመር ይችላል?"

ከጎኗ አቻምየለህ ከጋቢው ውስጥ እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይንቀጠቀጣል። አባ አምባቸው አንዷን አየ፣ አንዱን አየ፣ የራሱንም ሁለት ክንድ አቀፈ፤ ሽማግሌ ነውና ነፋሱ ለሱም አልራራም።

"በቃ፣ በቃ! ሁለት ብርድ ነው!" አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። "ንጹሕ ነው! ከሱኮት በዓል በኋላ ቀን ቁረጡ! አሁን አጥፉልኝ ይሄን!"

ኤፍራት ጮኸች። ኢዳን ማዝጋኑን ማጥፋቱን ረስቶ አቅፎ አነሳት፤ እየሳቁ ለጓደኞቻቸው ሊደውሉ ወደ ደጅ ወጡ። አቻምየለህና አባ አምባቸው አንዱን ጋቢ ለሁለት ለብሰው፣ በምርቃት ስም ተደጋግፈው፣ ወደ ፀሐዩ ተከተሏቸው።

"እንሂድ እንጂ" አለ ያኮቭ ከበሩ ላይ። "ሰው ሁሉ ውጭ ነው።"

ፈንታዬ አልተነሳችም። ወንበሯን ትንሽ ወደ ነፋሱ ጎተተች።

"ሂድ፣ እመጣለሁ" አለችው። "ገና ጀርባዬ ጋ አልደረሰም።"